ሁለት ወጣት ፎርዋርድ ስታወዳድሩ ጎሉን መጨረሻ ላይ ቁጠሩት

ይሄን የምጽፈው ፉቲ ለሚያዩ ሰዎች ነው፣ የአውስትራሊያውን ፉትቦል ሊግ ኤኤፍኤልን ማለቴ ነው፣ ሜልበርን ወይ ፐርዝ ወይ አደሌይድ ሆናችሁ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት ነገር ቀስ እያለ እናንተንም ሶፋ ላይ ላስቀራችሁ። ፉትስክሬይ ያላችሁማ ምርጫም የላችሁ፣ ቡልዶግስ የሚባለው ክለብ እዛው ሰፈራችሁ ነው የሚለማመደው። እና በየአመቱ ያው ክርክር ይነሳል፣ የኛ ልጅ ይበልጣል የናንተ ይበልጣል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ የጎል ብዛት ያሳያል፣ ሌላው "እሱ እኮ በአንድ አመት ይበልጠዋል" ይላል፣ ከዛ ድምጹ የጎላው ሰውዬ ያሸንፋል። እኔ የምለው የጎል ብዛት ወጣት አጥቂን ለማወዳደር ከሁሉም ደካማው ቁጥር ነው፣ አትዩት አላልኩም፣ መጨረሻ ላይ እዩት ነው የምለው።

ለአዲሶች በአጭሩ፦ ሜዳው ሞላላ ነው፣ 18 ለ 18 ነው የሚጫወቱት፣ አራት ቋሚ አለ፣ በመሃለኞቹ ሁለት መሃል በእግር ተመትቶ ከገባ ጎል ነው 6 ነጥብ፣ ከነሱ ዳርና ዳር ከሆነ ቢሃይንድ ነው 1 ነጥብ። ስለዚህ 3.1 ተብሎ ከተጻፈ ሶስት ጎል አንድ ቢሃይንድ፣ ጠቅላላ 19 ማለት ነው። ቢያንስ 15 ሜትር የሄደ ምት መሬት ሳይነካ በአየር ላይ መያዝ ማርክ ይባላል፣ የያዘው ሰው ማንም ሳይነካው ቆሞ ይመታል። ጎሉ ፊት ለፊት በ50 ሜትር ርቀት ላይ የተሰመረ ቅስት አለ፣ ኳስ እዛ ውስጥ ሲገባ ኢንሳይድ 50 ይሉታል። በቃ ይሄ ይበቃናል።

መጀመሪያ ተመሳሳይ አይነት ሰው መሆናቸውን እዩ

ፎርዋርድ ሁሉ አንድ አይደለም። ረጅሙ ኪ ፎርዋርድ አለ፣ ስራው በአየር የሚመጣውን ኳስ መያዝ ካልቻለ ደግሞ ተከላካዩ እንዳይዘው ማድረግ ነው። አጭሩ ስሞል ፎርዋርድ አለ፣ ረጅሞቹ ተጋጭተው የጣሉትን ከእግራቸው ስር ለቅሞ የሚሮጥ። በመሃል ደግሞ ግማሽ ጨዋታውን አማካዮቹ ጋር ሄዶ የሚሮጥ ሃፍ ፎርዋርድ አለ፣ ይሄኛው አንድ ጎል አግብቶ ለአራት ጎል ምክንያት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሃውቶርኑ ኒክ ዋትሰን ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የቡልዶግሱ ሳም ዳርሲ 208 ነው፣ ሁለቱም ወጣት ፎርዋርድ ተብለው በአንድ ዝርዝር ሲቀመጡ አያለሁ። ምኑ ከምኑ ይወዳደራል?

ረጅሞቹን ስታዩ ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ፣ ልጁ ራክ ላይ ስንት ደቂቃ ይገባል የሚለው፣ ማለት ዳኛው ኳሱን ወደ ላይ ሲወረውር ለመዝለል መሃል ሜዳ ይሄዳል ወይ። የሚሄድ ከሆነ ያን ያህል ደቂቃ ከጎል ርቋል፣ በዛ ላይ ጉልበቱ አልቆ ነው የሚመለሰው። ሙሉ ጨዋታውን ጎል ፊት ቆሞ ከዋለ ልጅ ጋር በጎል ብዛት ብታወዳድሩት ፍርዱ ከጅምሩ የተዛባ ነው።

እድሜና የጨዋታ ብዛት

ድራፍት ላይ፣ ማለት ክለቦች በየተራ አዳዲስ ወጣቶችን የሚመርጡበት ላይ፣ ለመግባት በዛው አመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 18 መሙላት አለበት። ይሄ ማለት በአንድ ድራፍት የተመረጡ ሁለት ልጆች አንዱ ጃንዋሪ አንዱ ዲሴምበር የተወለዱ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንድ አመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ በዛ እድሜ ደግሞ አንድ አመት ብዙ ኪሎ ነው። ኪ ፎርዋርድ ላይ ይብሳል ምክንያቱም የሚገጥመው ተከላካይ 28 አመት የሆነው፣ 100 ኪሎ የሚጠጋ፣ ስራው መግፋት የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ አመት ከአመት ሳይሆን ጨዋታ ከጨዋታ አወዳድሩ፣ የዚህን የመጀመሪያ 50 ጨዋታ ከዛኛው የመጀመሪያ 50 ጋር። በነጻ የሚታዩ የስታት ሳይቶች አሉ፣ ኤኤፍኤል ቴብልስና ፉቲዋየር ላይ ጨዋታ በጨዋታ ታገኙታላችሁ፣ ቁጭ ብሎ መቁጠር ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ከኪንግ መንትዮች የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ማክስና ቤን፣ መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው ሁለቱም ከ2 ሜትር በላይ፣ በ2018 ድራፍት ማክስ 4ኛ ሆኖ ሴንት ኪልዳ ወሰደው፣ ቤን 6ኛ ሆኖ ጎልድ ኮስት። በአንድ ቀን የተወለዱ ናቸው አይደል፣ ግን ማክስ ድራፍት በተደረገበት አመት የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ስለነበር 2019ን ሙሉ ኤኤፍኤል ሳይጫወት አሳለፈ፣ ቤን በዛው አመት መጫወት ጀመረ። ከዛ ደግሞ በ2022 ተገለበጠ፣ ቤን ፕሪ ሲዝን ላይ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ጉልበቱ ሄዶ አመቱን ሙሉ ተቀመጠ፣ ማክስ ያን አመት ከ50 በላይ ጎል አገባ። በዛ ሰሞን ሰው ሁሉ "ማክስ ይሻላል" ይል ነበር፣ በኋላ ማክስ ሲጎዳና ቤን ከአመት አመት ሲያገባ ደግሞ ያው ሰው "ቤን ነው እንጂ" አለ። መንትያ ሆነው እንኳን የጨዋታ ቁጥራቸው እኩል የሆነበት ጊዜ ብዙ አልነበረም። በዛ ላይ ሜዳውን አስቡት፣ ማክስ ቤቱ ዶክላንድስ ነው ጣራ ያለው፣ ንፋስ የለ ዝናብ የለ፣ ቤን ደግሞ ካራራ ነው፣ ማታ ማታ ወበቁና ጤዛው ኳሱን ሳሙና የሚያደርግበት። በአየር ኳስ መያዝ ለሚኖር ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ሌላ ወጥመድ፣ 2020። በኮቪድ ምክንያት በዛ አመት መደበኛው ውድድር 17 ጨዋታ ብቻ ነበር፣ ጨዋታው የሚከፈልበት አራቱ ኳርተርም አጥሮ ነበር። ኮልማን ሜዳልያ፣ ማለት የአመቱ ኮከብ ጎል አግቢ የሚሸለመው፣ ቶም ሃውኪንስ በ42 ጎል ወሰደው። አሁን 23 ጨዋታ ነው፣ ስለዚህ 2020 ላይ የጀመረን ልጅ ጠቅላላ ጎል አምጥቶ ከአሁኑ ልጅ ጋር ማስቀመጥ ዝም ብሎ ማጭበርበር ነው። በጨዋታ አካፍሉት፣ እንደዛም ሆኖ ኳርተሩ አጭር እንደነበር አትርሱ።

እና ትዕግስት። ጄሲ ሆገን በ2015 የአመቱ ምርጥ ወጣት ተባለ፣ ራይዚንግ ስታር፣ ሜልበርን እያለ። ከዛ ፍሪማንትል ሄደ፣ ጉዳቱም ሌላው ችግርም ተደራርቦ ብዙ ሰው አለቀለት ብሎ ነበር፣ ኮልማን ሜዳልያውን የወሰደው በ2024 ነው፣ ለጃየንትስ እየተጫወተ፣ ዘጠኝ አመት ቆይቶ ማለት ነው። ኪ ፎርዋርድን በ20 አመቱ "ጨርሷል" ወይም "አይሆንም" የሚል ሰው ስታገኙ ስለ ሆገን ጠይቁት።

ኳሱን ማን ነው የሚያቀብለው፣ ማን ነው የሚይዘው

እዚህ ላይ ነው ብዙው ክርክር የሚበላሸው። ፎርዋርድ ኳስ አያመጣም፣ ይመጣለታል። አማካዮቹ መሃል ላይ ካሸነፉና ወደ ፊት ሲመቱ ቀና ብለው አይተው ከመቱ አጥቂው ደረቱ ላይ ነው የሚያርፍለት፣ ተጨንቀው ዝም ብለው ከለቀቁት ደግሞ ሶስት ተከላካይ መሃል ነው የሚወርደው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለን ሰው በርሜልህ ለምን አልሞላም ትሉታላችሁ? ስለዚህ የልጁን ጎል ከማየታችሁ በፊት የቡድኑን ኢንሳይድ 50 እዩ፣ በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ገቡ፣ ከገቡት ውስጥ ስንቱ ወደሱ ተመታ። ሁለተኛው ቁጥር ሁልጊዜ አይገኝም፣ ግን ጨዋታውን እያያችሁ በብዕር መቁጠር ይቻላል፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ አንድ ኳርተር ብቻ ብትቆጥሩ እንኳን ነገሩ ይገባችኋል።

በደረቅ ሰፈር ሆኖ በርሜሉን የሚሞላም አለ እኮ። የኖርዝ ሜልበርኑ ኒክ ላርኪ በ2023 71 ጎል አገባ፣ ቡድኑ በዛ አመት ያሸነፈው 3 ጨዋታ ነው! ሶስት! እንደዚህ አይነቱን ሰው ሁልጊዜ በሚያሸንፍ ቡድን ውስጥ 71 ካገባ ሰው ጋር እኩል አታድርጉት፣ ይሄኛው ይበልጣል። በነገራችን ላይ ላርኪ በ2016 ድራፍት 73ኛ ነው የተመረጠው፣ ከሱ በፊት 72 ስም ተጠርቷል።

ከአቀባዩ ቀጥሎ ያዡ ይታያል። ተጋጣሚው ቡድን ምርጥ ተከላካዩን በማን ላይ ነው ያደረገው? ወጣት አጥቂ ጎኑ ላይ ትልቅ ሰው ካለ ያ ትልቅ ሰው ነው ምርጡን ተከላካይ የሚስበው፣ ወጣቱ ሁለተኛውን ወይም ሶስተኛውን ያገኛል። ይሄ ነውር አይደለም፣ እንደውም ጎበዝ ክለብ ሆን ብሎ ነው ልጁን እንደዛ የሚያሳድገው፣ ግን ስታወዳድሩ መቁጠር አለባችሁ። በ19 አመቱ ብቻውን ቆሞ የተጋጣሚን አንደኛ ተከላካይ የሚሸከም ልጅ በጨዋታ አንድ ጎል ቢያገባ፣ ከሁለት ታላላቆች ጀርባ ሆኖ ሁለት ከሚያገባው የባሰ ነው ብዬ አልፈርድም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ትንሽ ነገር፣ ጎሎቹ መቼ እንደገቡ እዩ። ቡድኑ በ60 ነጥብ እየመራ አራተኛው ኳርተር ላይ የገባ ሶስት ጎልና ጨዋታው በአንድ ምት ልዩነት እያለ የገባ አንድ ጎል ስታቱ ላይ 3 እና 1 ናቸው። በቃ ቁጥሩ የሚነግራችሁ ያን ያህል ነው።

ጎል ሳይሆን እድል ቁጠሩ

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። እንበል አንዱ ልጅ 3.0 አስመዘገበ፣ ሌላው 1.3። ነጥቡን ስታዩ 18 ለ 9 ነው፣ ክርክሩ አለቀ ትላላችሁ። ግን የመጀመሪያው ሶስቱንም ያገኘው ተከላካዮቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው ከኋላቸው ባዶ ሜዳ ላይ ኳስ ተለቆለት እየሮጠ ከሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ አራቱንም ጊዜ ከተከላካይ ጋር ተጋፍቶ በአየር ላይ ነጥቆ ከሆነ፣ እኔ በሚቀጥለው አመት የምፈልገው ሁለተኛውን ነው። ምቱን ማስተካከል ይቻላል፣ አሰልጣኝ አለ ልምምድ አለ፣ ኳሱ ጋር መድረስን ግን ማንም በቀላሉ አያስተምርም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ እነዚህን ጻፉ፣ በጨዋታ ስንት ጊዜ ወደ ጎል መታ ጎልም ቢሃይንድም ጭራሽ የሳተውም ተደምሮ፣ በ50 ውስጥ ስንት ማርክ ያዘ፣ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ በትግል የተያዘ ነው። የሳተውን መደመር የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ቢሃይንድ ያልሆነ ነገር ግን ሜዳ ዳር የወጣ ምት ስታቱ ላይ በጎል ረድፍ አይታይም። ቆሞ የመታውና እየሮጠ የመታውንም ለዩ፣ ቆሞ ለመምታት 30 ሰከንድ ነው የሚሰጠው፣ እሱ የጭንቅላት ጨዋታ ነው፣ እየሮጡ መምታት ሌላ ችሎታ ነው።

ኤክስፔክትድ ስኮር የሚባል ነገር አሁን ቲቪ ላይም ያወሩታል፣ ከዚህ ርቀት ከዚህ ማዕዘን እንዲህ ተጨንቆ የተመታ ኳስ በአማካይ ስንት ነጥብ ያወጣል ብሎ የሚያሰላ። እግር ኳስ የምታዩ የኤክስፔክትድ ጎል ዘመድ መሆኑ ገብቷችኋል። የአንድ ልጅ ትክክለኛ ነጥብ ከዚህ በታች ከሆነ ወይ ምቱ ችግር አለበት ወይ እድሉ ጠሞበታል፣ ከዚህ በላይ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው አመት ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ሰው የሚገረመው ወደ ላይ የሚያልፈውን ነው፣ እኔ ግን ብዙ እድል እየፈጠረ ከሚስተው ልጅ ላይ ነው አይኔን የምተክለው።

ደሞ በአስር ጨዋታ ስለ ምት ትክክለኛነት አትፍረዱ። ከ20 ምት 12 ያስገባና 10 ያስገባ፣ አንዱ 60 ፐርሰንት አንዱ 50 ፐርሰንት ተብሎ ይጻፍላቸዋል፣ ትልቅ ልዩነት ይመስላል አይደል፣ ግን ልዩነቱ ሁለት ምት ነው፣ አንዱ ቋሚውን ነክቶ አንዱ ንፋስ ወስዶት ሊሆን ይችላል። ባዲ ፍራንክሊን በ2008 113 ጎል ሲያገባ ወደ 90 የሚጠጋ ቢሃይንድም መትቷል፣ በፐርሰንት ብቻ ብትፈርዱት ተራ ሰው ነው። ከሱ በኋላ በአንድ ሲዝን 100 የደረሰ የለም። ባዲ ራሱ በ2004 ድራፍት 5ኛ ነበር፣ ከፊቱ አራት ልጆች ተመርጠዋል፣ ሲያቆም 1066 ጎል ላይ ነበር።

ኳስ ከሱ ርቃ እያለ ምን ይሰራል

ይሄን ቲቪ አያሳያችሁም፣ ካሜራው ኳሷን ነው የሚከተለው። ከቻላችሁ ሜዳ ሂዱ፣ ከጎሉ ጀርባ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ርካሹም እሱ ነው ደሞ። ከዛ ለአንድ ኳርተር ኳሷን ተዋት፣ ልጁን ብቻ እዩ። አማካዩ ኳስ ሲይዝ ልጁ ወደ ኳሱ ይሮጣል፣ ካልተመታለት ምን ያደርጋል? ቆሞ እጁን ያወናጭፋል ወይስ ዞሮ እንደገና በሌላ አቅጣጫ ይሮጣል? ሁለተኛውን ሩጫ፣ ሶስተኛውን ሩጫ የሚሮጥ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ዛሬ ባያገባም። ማርክ መያዝ ካልቻለ ኳሱ መሬት እንዲወርድ ይታገላል ወይስ ተከላካዩ አየር ላይ ይዞት ይሄዳል? ተከላካዩ ኳሱን ይዞ ሲወጣ ያሳድዳል? ለጓደኛው ቦታ ለመክፈት ሆን ብሎ ተከላካዩን ይዞ ወደ ዳር ይሄዳል? እነዚህ ነገሮች ናቸው አሰልጣኝ ልጁን በሚቀጥለው ሳምንት የሚያሰልፈው ወይም ወደ ታች ሊግ የሚልከው።

ለዚህ የጆሽ ሻኪን ነገር ላንሳ። በ2015 ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ ነው ብሪዝበን የወሰደው፣ ኪ ፎርዋርድ። በዛው ድራፍት ካርልተን ሃሪ ማኬይን በ10ኛ ቻርሊ ከርኖውን በ12ኛ ወሰደ። አሁን መለስ ብላችሁ ስታዩት ያስቃል፣ ማኬይ በ2021 ከርኖው በ2022 እና በ2023 ኮልማን ሜዳልያ ወሰዱ፣ ሶስት አመት በተከታታይ ከአንድ ክለብ፣ ከርኖውማ በመሃል በጉልበት ጉዳት 2020ን ሙሉ ሳይጫወት ቀርቶ ነው የተመለሰው። ሻኪ ግን ወደ ቪክቶሪያ መመለስ ፈልጎ በ2017 መጨረሻ ቡልዶግስ ገባ፣ ጎሉም እንደተጠበቀው አልሆነም። ሆኖም በ2021 ለፍጻሜ ማለፊያው ጨዋታ ላይ አሰልጣኙ ጎል አግባ ብሎ አይደለም ያስገባው፣ አሊር አሊር የሚባለውን የፖርት አደሌይድ ተከላካይ ኳስ እንዳይቆርጥ ያዘው ብሎ ነው። አሊር ካኩማ የስደተኞች ካምፕ የተወለደ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፣ በዛ አመት የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ የገባ። ሻኪ ስራውን ሰራ፣ ቡልዶግስ አሸንፎ ፍጻሜ ገባ። ከሻኪና ከከርኖው ማን ይበልጣል ብትሉኝ ከርኖው ነው፣ ምን ጥያቄ አለው፣ ግን የዛን ቀኑን የሻኪን ስራ የጎል ረድፉ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ስሞል ፎርዋርዶች

ለነሱ ሌላ ወረቀት አውጡ። ከመሬት የለቀመው ኳስ፣ በ50 ውስጥ ያደረገው ታክል (ኳስ የያዘን ሰው ጨምድዶ ማስቆም)፣ ለሌላ ሰው ያመቻቸው ጎል፣ እነዚህ ናቸው የሚቆጠሩት። አጭር አጥቂ አራት ጨዋታ ጎል ሳያገባ ሄዶ በአምስተኛው አራት ሊያገባ ይችላል፣ ጸባያቸው እንደዛ ነው፣ ስለዚህ በወር ሳይሆን በሲዝን አይታችሁ ፍረዱ። ኤዲ ቤትስ 174 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በ350 ጨዋታ 640 ጎል አግብቷል፣ ዋናው ድራፍት ላይ እንኳን የመረጠው ክለብ አልነበረም፣ ካርልተን ያገኘው በኋላ በተደረገው የፕሪ ሲዝን ድራፍት ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ጎበዝ የሆነውን አጭር አጥቂ አሰልጣኞች ወደ አማካይ ይስቡታል፣ ጎሉ ሲቀንስ "ወረደ" እንዳትሉ፣ ስራው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ገና ድራፍት ያልደረሱትን

ኮምባይን ላይ፣ ማለት ከድራፍት በፊት ልጆቹ በሚፈተኑበት፣ የሚለካው ነገር፣ 20 ሜትር ሩጫ፣ 2 ኪሎ ሜትር፣ ዝላይ፣ እሱን ብዙ አታክብዱት። ፈጣን መሆኑ ጥሩ ነው ግን ኳስ የት እንደምትወድቅ ቀድሞ ማወቅ በሰዓት አይለካም።

ከባዱ የተለያየ ደረጃ ላይ የሚጫወቱትን ማወዳደር ነው፣ እና ለዚህ የ2020ው ድራፍት እንደ መማሪያ የሚቀመጥ ነው። ሶስት ረጃጅም አጥቂዎች ነበሩ፣ ጃማራ ዩግል ሄገን ከቪክቶሪያ፣ ራይሊ ቲልቶርፕ ከደቡብ አውስትራሊያ፣ ሎጋን ማክዶናልድ ከምዕራብ። ቪክቶሪያ በኮቪድ ተዘግታ ስለነበር የልጆቹ ሊግ ጭራሽ አልተካሄደም፣ ስለዚህ ጃማራን የፈረዱት ያለፈው አመት በሰራው ነው። ቲልቶርፕ ለዌስት አደሌይድ፣ ማክዶናልድ ለፐርዝ ከአዋቂዎች ጋር እየተጫወቱ ነበር። እስቲ አስቡት፣ አንዱ ጨርሶ አልተጫወተም፣ ሁለቱ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነው፣ እሱም በተለያየ ሊግ፣ እንዴት ይወዳደራሉ? እንዲህ ሲሆን ጎል ቁጥሩን ወደ ጎን አድርጋችሁ ቪዲዮ ነው ማየት ያለባችሁ፣ ከአዋቂ ጋር ሲጋጭ ሚዛኑን ይጠብቃል ወይ፣ ሁለተኛ ሩጫ አለው ወይ፣ ግራ እግሩም ቀኝ እግሩም ይሰራል ወይ። ከ18 አመት በታች ላይ በቁመቱ ብቻ የሚይዝ ልጅ ብዙ ነው፣ ላይኛው ሊግ ሲገባ ሁሉም ሰው ረጅም ነው።

አደሌይድ አንደኛ ብሎ ጃማራን ጠራ፣ ቡልዶግስ በአካዳሚው ያሳደገው ልጅ ስለሆነ ህጉ በሚፈቅደው መሰረት ጥሪውን አዛምዶ ወሰደው፣ አደሌይድ ሁለተኛ ላይ ቲልቶርፕን ያዘ፣ ሲድኒ በ4ኛው ማክዶናልድን። እና ተመልከቱ ከዛ በኋላ የሆነውን። ቲልቶርፕ በ2021 የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ሃውቶርን ላይ 5 ጎል አገባ፣ ሰው አበደ፣ ከዛ ለረጅም ጊዜ ራክና ፎርዋርድ መሃል ሲንከራተት ቆየ፣ በ2024 ደግሞ ጉልበቱን ተጎድቶ ብዙውን ሲዝን አመለጠው። በዛው 2024 ጃማራ ከ40 በላይ ጎል አገባ። ያኔ ብትጠይቁ መልሱ ጃማራ ነበር። በ2025 ጃማራ በግል ጉዳይ ለቡልዶግስ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀርቶ በአመቱ መጨረሻ ወደ ጎልድ ኮስት ሄደ፣ ቲልቶርፕ በአንጻሩ የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ፣ ክለቡም መደበኛውን ውድድር አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ግን እዚህም ቢሆን ከላይ ያልኩትን አትርሱ፣ የቲልቶርፕ ጎን ቴይለር ዎከርና ዳርሲ ፎጋርቲ ነበሩ፣ ተከላካዮች ሶስት ቦታ መከፈል ነበረባቸው፣ አማካዮቹም በዛ አመት ኳስ እንደጉድ ያቀብሉ ነበር። ያ የልጁን ስራ አያሳንስም፣ ዋጋውን በትክክል ለመተመን ግን ያስፈልጋል።

ድራፍት ቁጥርን በተመለከተ ደግሞ ልጁ ክለብ ከገባ ከሁለት አመት በኋላ እርሱት። ፍሪማንትል ላይ ጃይ ኤሚስ በ2021 8ኛ ተመርጦ የመጣ ነው፣ ጎኑ ያለው ጆሽ ትሬሲ ዋናው ድራፍት ላይ ማንም ያልጠራው፣ ከዋናው በኋላ ለቀሩት በሚደረገው ሩኪ ድራፍት የገባ ነው። ሁለቱ አንድ ሜዳ፣ አንድ አማካይ፣ አንድ አሰልጣኝ ስላላቸው ለማወዳደር ይመቻሉ፣ የአቅርቦቱ ሰበብ ለሁለቱም እኩል ነው። ትሬሲ በአካል ትግል፣ ኤሚስ በንጹህ ምቱ፣ እኔ ዛሬ ምረጥ ብባል ትሬሲን ነው የምወስደው ምክንያቱም ዝናብ ሲዘንብም ይጠቅማል።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ እነዚህን ሶስት ሞክሩ። አሮን ካድማን፣ ጃየንትስ፣ የ2022 አንደኛ ምርጫ። ኔይት ካዲ፣ ኤሰንደን፣ በ2023 10ኛ። ሎጋን ሞሪስ፣ ብሪዝበን፣ በዛው በ2023 31ኛ። የሶስቱንም የመጀመሪያ 40 ጨዋታ አውጡ፣ ካድማን ላይ ሆገን ጎኑ ሆኖ ምርጡን ተከላካይ እንደሚስብለት ጻፉ፣ ካዲ ላይ በ2025 ጉዳተኛ የበዛበት፣ አብዛኛውን ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ውስጥ እንደነበር ጻፉ፣ ሞሪስ ላይ በ2024ም በ2025ም ዋንጫ ያነሳ ቡድን ውስጥ እንደሆነና ኳሱ እንዴት እንደሚመጣለት ጻፉ። ከዛ በጨዋታ የመቱትን፣ በትግል የያዙትን ማርክ፣ ሁለተኛ ሩጫቸውን አስቀምጡ፣ ጎሉን መጨረሻው ረድፍ ላይ። እኔ በወረቀቴ ላይ ካዲ ከሚወራለት በላይ ነው የወጣው፣ የኤሰንደን ደጋፊ ስላልሆንኩ አድልቶ ነው አትሉኝም።